ጎልፍ በካራቆሬ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ይፋትን ፊት ለፊት የሚያያት ጣርማበርን ሲያልፍ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ ያበጀው ዋሻ በአንድ በኩል ጉምና ብርድ ነው፤ በሌላው በኩል ሲወጡ አገሩ ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ጋቢ ይወልቃል። አርማኒያን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሹራቡም ይወልቅና የመኪናው መስኮት ሁሉ ይከፈታል። በመንገዱ ዳርና ዳር ማንጎ፣ ፓፓያ፣ በጆንያ የተሞላ ሽንኩርት ይደረደራል።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ጀውሃ፣ ከዚያ ሰንበቴ ናት። ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ ከደጋው የሚወርደው አማራ፣ የቆላው ኦሮሞና አርጎባ፣ ከበረሃው ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አፋር የሚገናኙባት ገበያ ነች። ቀጥላ አጣዬ ትመጣለች። በ2013 ዓ.ም. የደረሰባትን ቃጠሎ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እኔ ሳልፍ ያየሁት አዲስ ቆርቆሮ የመታ ሱቅና ጣሪያ የሌለው ጥቁር ግድግዳ ጎን ለጎን ቆመው ነው። ከአጣዬ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ካራቆሬ አለች።

ካራቆሬ ላይ ብዙ መንገደኛ አያድርም። ሾፌሩ ጎማ ያያል፣ ተሳፋሪው ቡና ይጠጣል፣ መኪናው ወደ ከሚሴና ኮምቦልቻ ይቀጥላል። እኔ ግን በዚህ ቆላ በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሌሊት አድሬባታለሁ። ታላቅ ወንድሜም ትዳር ይዞ፣ ልጆች አሳድጎ፣ ጡረታ ወጥቶ የሚኖረው እዚያ ነው። ዘንድሮ ልጠይቀው ሄጄ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ። ለእናንተ የማወጋው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በካራቆሬ ስላየሁት የጎልፍ ጨዋታ ነው።

አዎ፣ ጎልፍ። ሜዳው የለም፤ ጨዋታው ግን አለ።

የተሰበረ ምድር

ጨዋታውን ከመንገሬ በፊት ስለ መሬቱ ትንሽ ላውጋችሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ካራቆሬ የምትገኘው የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። ምድሩ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ነው የሚወርደው፤ በደረጃዎቹ መካከልም ረባዳ ሸለቆዎች አሉ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ይህ ጠርዝ ተናወጠ። በአቅራቢያዋ ያለችው ማጀቴ ፈራረሰች፤ ካራቆሬ ላይ ከነበሩት ቤቶች ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ወደቁ። ከካራቆሬ በስተ ሰሜን ያለው ዋና መንገድም 17 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት መሰንጠቅና በናዳ ተበላሸ። በጊዜው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢዋ የመሬት መንቀጥቀጥ በጻፉት መጽሐፍ የካራቆሬው ሰፊ ቦታ አለው።

ወንድሜ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ሲያድር፣ በማሳው መካከል የተከፈተውን ስንጥቅ ለማየት ሲሮጥ፣ እናታችን በቀሚሱ ጫፍ ይዛ ስታስቀረው ያስታውሳል። ሲያድግ በዚያው በተሰበረው መንገድ ላይ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቦይ ሲቆፍር፣ ናዳ ሲጠርግ፣ የጎርፍ ማሳለፊያ ሲያስተካክል ኖረ። ውሃ በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ዳገት በክረምት እንደሚንሸራተት በዓይኑ አይቶ ይናገራል። የሥራ ባልደረቦቹ «ውሃ ልኩ» ይሉት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ስትሮክ መታው። ግራ እጁ ደከመ፣ ግራ እግሩን መጎተት ጀመረ፣ ንግግሩም ዘገየ። በክራንች ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል፤ ከከተማው በታች ወንዝ ዳር ያለውን የአባታችንን ማሳ ግን ከዚያ ወዲህ አላየውም። ማሳው ለእኩል አራሽ ተሰጥቷል። ገበሬው በየዓመቱ ማሽላውንና ማሾውን አካፍሎ ያመጣል፤ ወንድሜ እህሉን ያያል እንጂ መሬቱን አያይም።

መደርደሪያ ላይ የከረመው ዲስክ

የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ቤት ስላችሁ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የጣሪያ ቬንትሌተር ያላት ክፍል ናት። ለአንድ ጨዋታ የሚከፈለው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይበልጥም። አንደኛውን ማሽን ያመጣችው ከጅዳ የተመለሰች እህቱ ናት፤ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ከማሽኑ ጋር ሁለት የእግር ኳስ ዲስክና አንድ የጎልፍ ዲስክ ነበረ። ኳሶቹ ሲሠሩ ዋሉ፤ ጎልፉ መደርደሪያ ላይ ከረመ።

አንድ ቀን የእግር ኳሱ ዲስክ ተጫረና አልነሳም አለ። ልጆቹ ተሰብስበው ነበርና የወንድሜ ልጅ «እስኪ ይሄን እንየው» ብሎ ጎልፉን ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደኛው ቴሌቪዥን ከሰዓት በኋላ የጎልፍ ሆኗል።

ጨዋታው ፒጂኤ ቱር 2ኬ21 ይባላል። የወጣው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው፤ የሠራው በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ኤችቢ ስቱዲዮስ የሚባል ድርጅት ነው። በውስጡ በእውን ያሉ 15 የታወቁ የውድድር ሜዳዎች አሉ። ዛፉ፣ አሸዋው፣ ኩሬው፣ ጉብታው በእውነተኛው ሜዳ ልክ ተቀርጿል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ምን ያህል እንደሚበረታ ማያው ላይ ይታያል። ኳሷ ረጅም ሣር ውስጥ ስትወድቅ ዱላው ይያዛል፤ አሸዋ ውስጥ ስትወድቅ ደግሞ ጉልበት ይጠፋባታል።

ጎልፍን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ብዙም አይበልጥም። አንድ ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓድ ነው፤ በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በጽሑፍ የታወቀው የመጀመሪያው ሕግ የወጣው በ1744 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ነው። አዲስ አበባ ላይ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ለረጅም ዘመን የኖረ የጎልፍ ሜዳ አለ። እኛስ ብንሆን በቆልማማ ዱላ ኳስ መምታት መቼ አዲስ ሆነብን? ገና በደረሰ ቁጥር ሎሌና ጌታ ሳይለይ ሜዳ ወጥቶ ጥንግ ሲመታ የኖረ ሕዝብ ነን። ልዩነቱ በገና ጨዋታ ሰው ሁሉ አብሮ ይሮጣል፤ በጎልፍ ግን አንዱ ሲመታ ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል።

ተጫዋቾቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ በሳቅ እንደነበር ነገሩኝ። ሰውዬው ኳሱን መትቶ ቆሞ ያያል እንጂ አይሮጥም። ጎል የለም፣ በረኛ የለም፣ ጩኸት የለም። አንዱ ልጅ «ይሄማ የጡረተኛ ጨዋታ ነው» አለ አሉ። በሳምንቱ ግን እሱም ወረፋ ያዥ ሆነ።

እኔ ያገኘኋቸው ተጫዋቾች ስሜታቸው የተለያየ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር የሚወደው ነፋሱን ነው። «እትዬ፣ ይሄ ጨዋታ አውድማ ላይ የዋለ ሰው ነው የሚፈልገው» አለኝ፤ «ነፋስ ጠብቆ እህሉን ከገለባ የሚለይ ሰው ኳሷን ወዴት እንደሚልካት ያውቃል።» የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ደግሞ የሚያማርረው ዝግታውን ነው፤ አንድ ጨዋታ ሳይጨርስ መብራት ስለሚጠፋበት በ18 ፋንታ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ መጫወት ይመርጣል። ሦስተኛው ያስገረመው ሣሩ ነው። «ይሄን ሁሉ ሣር የሚግጠው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ከልቡ ነው።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ የሚገኘው የሶግራስ ሜዳ 17ኛው ጉድጓድ ነው። ርቀቱ 125 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጉድጓዱ ያለበት ሣር ግን ዙሪያውን በውሃ ተከቧል ማለት ይቻላል። የተሳሳተች ኳስ ሁሉ ትሰምጣለች። ካራቆሬ ላይ ይህን ጉድጓድ «ደሴት» ይሉታል። ሻይ የሚያስይዙት በሱ ነው። ኳሷ ስትገባ ጸጥታ ነው፤ ስትሰምጥ ግን «ውሃ በላት!» የሚለው ጩኸት እስከ መንገድ ይሰማል። ዓለም ያወቃቸው ባለሙያዎችም በእውነተኛው ሜዳ እዚያው ውሃ ውስጥ ኳስ እንደሚጥሉ ስነግራቸው በጣም ተጽናኑ።

እኔም ተጫውቻለሁ። የወንድሜ ልጅ ጆይስቲኩን አስይዞኝ «አንቱ አክስቴ፣ በቀኝ አውራ ጣትዎ ይቺን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ከዚያ ወደ ፊት ይግፉ፤ አይቸኩሉ፣ አይዘግዩም» አለኝ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ጣት ወደ ኋላ ሲሳብ ማያው ላይ ያለው ሰው ዱላውን ያነሳል፤ ጣት ወደ ፊት ሲገፋ ይመታል። ከቸኮላችሁ ወይም ከዘገያችሁ ኳሷ ወደ ጎን ትጠማዘዛለች፤ ጣታችሁ ከመስመር ከወጣም እንዲሁ። ስንት ዓመት መርፌ የወጋ እጅ ለዚህ አያንስም ብዬ ነበር፤ መርፌ ግን ነፋስ አይወስደውም።

የወደድኩት የመጨረሻዋን አጭር ምት ነው። ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ሣሩ ላይ መረብ መሰል መስመር ይዘረጋል፤ መሬቱ ወዴት እንዳዘነበለ ከመስመሩ ይነበባል። ቀጥ ያለ የመሰለው ቦታ ቀጥ ያለ ሆኖ አይገኝም። ስመታ እስትንፋሴን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ኳሷ ከገባች በኋላ ነው። ቀና ብዬ ሳይ አግዳሚው ላይ ያሉት ስድስት ልጆችም ይዘው ነበር።

ጉድለት የለውም አልልም። ንግግሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። እውነተኛ ጎልፍ ተጫዋች በ18 ጉድጓድ ስምንት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በእግሩ ይሄዳል፤ እዚህ ግን የሚሄደው ሥዕሉ ነው፣ ተጫዋቹ ተቀምጧል። ማያው ላይ ፀሐይ አለ፣ የይፋት ሙቀት ግን የለም፤ የሚጠማው የለም፣ የሚያልበው የለም። ቦታውንም አስቡት። አንድ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ሄክታር መሬት ይይዛል። በኛ አገር የአንድ ገበሬ ይዞታ አንድ ሄክታር ከሞላ ጥሩ ነው። ውሃ ሽንኩርትና ማሾ በሚጠባበቅበት ቆላ ሣር ብቻ የሚጠጣበት ሜዳ ይሠራ የሚል ሰው ካለ እኔ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ነኝ። በቴሌቪዥን ግን ማንንም መሬት አይነጥቅም።

የሚጠብቅ ጨዋታ

ወንድሜ ጨዋታ ቤቱ ጥግ ላይ ወንበር አለው። ቤት ብቻውን ከሚውል ብለው ልጆቹ ጠዋት ያመጡታል፤ ማታ ይመልሱታል። እግር ኳሱን ሲያይ ውሎ ሲያይ ያመሻል። ለመጫወት አልቻለም፤ እግር ኳሱ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ፍጥነትም ይፈልጋል። ጣቱ ቁልፉን እስኪያገኝ ኳሱ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዷል። አንዴ ሞክሮ ጆይስቲኩን መልሶ ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጋበዘውም።

ጎልፉ ሌላ ሆነ። ኳሷ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንድ ደቂቃ ብታስቡ፣ አምስት ደቂቃ ብታስቡ የሚቀማችሁ የለም። ለመምታት የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ቀኝ አውራ ጣት ነው።

እንዴት እንደተጀመረ የነገረኝ ልጁ ነው። ልጆቹ አጭር ምት ላይ ተከራክረው፣ አንዱ ቀጥ አድርጎ ሊመታ ሲል ከጥግ «ግራ... ወደ ግራ... ውሃው ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጁ ወደ ግራ አድርጎ መታ። ኳሷ ዞር ብላ ገባች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንዱ «አባባ፣ የሚቀጥለውን አንቱ ይምቱ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ተጫዋች ነው። አቅጣጫውን ልጁ ያዞርለታል፤ ወንድሜ «ትንሽ... ተው... በቃ» ይላል፤ ምቱን ራሱ ይመታል። ረጅም ምት ላይ ከልጆቹ አይበልጥም። አጭር ምት ላይ ግን የሚስተካከለው የለም፤ የቦይ ቆፋሪ ዓይን አለው። አራት ምት የሚፈልግ ጉድጓድ ላይ ስድስት ሲመታ ይናደዳል። ለእኔ ትልቁ ነገር መናደዱ ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ሰው ያሻውን ሲያደርግለት ዝም የሚል ሰው ሆኖ ነበርና።

የጤና ባለሙያ ነኝና እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብኝ። የቴሌቪዥን ጨዋታ የስትሮክ መድኃኒት አይደለም። ወንድሜን ያቆመው በየቀኑ የሚውጠው የደም ግፊት ክኒን፣ የቀነሰው ጨው፣ ሚስቱ ጠዋትና ማታ የምታሠራው የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ነው። ቀኝ አውራ ጣት መሥራቱ ለደከመው ግራ እጅ አንዳች አይፈይድለትም። ስለዚህ ልጁን «ጆይስቲኩን በግራው መዳፍ ላይ አስቀምጥለት፤ እንዲደግፈው አድርግ» አልኩት። መጀመሪያ ይወድቅበት ነበር፤ ከሳምንት በኋላ አንዳንዴ ይይዘዋል። ከሁሉ የሚበልጠው እንቅስቃሴ ግን ሌላ ነው፤ ድሮ ደግፈው የሚያመጡት ሰው አሁን ከምሳ በኋላ ተራው እንዳያልፍበት ክራንቹን ይዞ ራሱ ይነሳል። ከቤቱ እስከ ጨዋታ ቤቱ ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው።

ቃላትም ጨምሯል። ሲሄድ «ነፋስ»፣ «ዳገት»፣ «ቀስ» ይላል፤ ምት ይቆጥራል፤ የልጆቹን ስም ይጠራል። ሐኪም ቤት ስንት ጊዜ ለታማሚ ቤተሰብ «አናግሩት» እንል ነበር። ሰው ግን የሚናገረው ነገር ሲኖረው ነው የሚናገረው።

ዘጠኝ ጉድጓድ፣ ወንዝ ዳር

ይህ ጨዋታ ሌላ አንድ ነገር አለው፤ ተጫዋቹ የራሱን ሜዳ መሥራት ይችላል። መሬቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ወንዝ ያወርዳል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ጉድጓዱን በወደደው ቦታ ያኖራል። የወንድሜ ልጅ ይህን ካገኘ በኋላ ማታ ማታ ደንበኞቹ ሲሄዱ አንድ ሜዳ መሥራት ጀመረ። የአባታችንን ማሳ ነው የሚሠራው።

እኔ በደረስኩ ጊዜ አራት ጉድጓድ ተሠርቶ ነበር። ማታ ማታ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ልጁ ዳገቱን ያወጣል፤ አባትየው ያርመዋል። «እዚያ ጋ ዝቅ... ውሃው በዚያ አይወርድም... ድንጋዩ ከዛፉ በላይ ነው።» ቁርቁራ ዛፍ ዝርዝሩ ውስጥ አጥተው የሚመስለውን ተከሉ። ግራሩም እንዲሁ። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አባትና ልጅ ተጣሉ፤ ልጁ እንደ ሶግራስ ኩሬ ማድረግ ፈለገ፣ አባትየው «ውሃ አይቆምም እዚያ» ብሎ እምቢ አለ። ኩሬው ቀረ።

አራተኛው ጉድጓድ መካከል ላይ መሬቱ ረዘም ብሎ እንደ ቦይ ዝቅ ይላል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ያ ነው» አለኝ ወንድሜ፤ «እማዬ ያላሳየችኝ።» የ1953ቱ ስንጥቅ ነው። እኔ በዚያ ማሳ ስንቴ ተመላልሻለሁ፤ ቦታውን ግን አላውቀውም ነበር። ክረምትና ማረሻ ሞልተውት ዛሬ የቀረው ትንሽ ጎድጎድ ያለ መሬት ነው አለ። በጨዋታው ግን ኳሷ እዚያ ከወደቀች ለመውጣት ሁለት ምት ትፈልጋለች።

ማሳውን የሚያርሰው ገበሬም አንድ ምሽት መጥቶ አየ። ክራንች፣ ቴሌቪዥን፣ አረንጓዴ ሣር እያፈራረቀ ተመለከተና «እንዴ! ማሽላዬን የት አደረጋችሁት?» አለ። ከዚያ ግን ጠጋ ብሎ ተቀመጠና በላይኛው ድንበር ላይ አምና ጎርፍ የበላውን ቦታ አሳየ። ወንድሜ በማያው ላይ ለረጅም ጊዜ አየው። በማግስቱ የእርከን ድንጋይ በየት በኩል መደርደር እንዳለበት ለገበሬው በክራንቹ መሬት ላይ ሥሎ አሳየው። ገበሬው ሥራውን ጀምሯል። ይህ የቴሌቪዥን ሳይሆን የእውን እርከን ነው።

የወንድሜ ልጅ እንደ ብዙ የይፋት ወጣት ዐረብ አገር የመሄድ ሐሳብ አለው። እህቱ ሄዳ ተመልሳለች፤ ጓደኞቹ ሄደዋል፤ ከሄዱት መካከል ወሬያቸው የጠፋም አሉ። መንገዱ በተዘጋ፣ ገበያው በተቋረጠ ቁጥር ሐሳቡ ይበረታበታል። እኔ ሂድም ቅርም አላልኩትም፤ የሚበላው እንጀራ ጉዳይ ነው። «ዘጠኙ ጉድጓድ እስኪያልቅ ግን አልንቀሳቀስም» አለኝ። ስለይ ስድስተኛው ላይ ነበሩ። ወንድሜ አምስተኛውን ሦስት ጊዜ አስፈርሶታል፤ ውሃ ልኩ አልጣመውም።

ለቤተሰብ የምመክረው

በየከተማው ልጆቻችን ጨዋታ ቤት ይውላሉ፤ ወላጅ ደግሞ ይቆጣል። ቁጣው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ትምህርት ጥሎ፣ የምሳ ገንዘብ አሲይዞ የሚጫወት ልጅ ሊቆጡት ይገባል። ማያ ላይ አፍጥጦ የሚውል ዓይንም ርግብታው ስለሚቀንስ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፤ በየሃያ ደቂቃው ቀና ብሎ ሩቅ ማየት ይረዳል። ከሰዓት በላይ ሳይነሱ መቀመጥ ለወጣትም ለሽማግሌም አይበጅም። ጨዋታው ሲቀያየር ተነስቶ ደጅ ድረስ ሄዶ መመለስን ሕግ አድርጉት። ካራቆሬ ላይ ኳሱ ውሃ የበላበት ሰው ለሁሉም ሻይ ለማዘዝ ይነሳል፤ ይህም አንድ ዘዴ ነው።

ከመቆጣታችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ገብታችሁ ተቀመጡና ምን እንደሚጫወቱ እዩ። ቤታችሁ እጁ የደከመ፣ ጆሮው የከበደ፣ ከወጣቱ ጋር መሮጥ ያቃተው ሰው ካለ ደግሞ የሚጠብቅ ጨዋታ ፈልጉለት። ጎልፍ ካልተገኘ ዳማ አለ፣ ገበጣ አለ። ዋናው ተራው የራሱ መሆኑና ሌሎቹ ዝም ብለው መጠበቃቸው ነው።

በዚያ መንገድ ስታልፉ ካራቆሬ ላይ ለአንድ ቡና ብቻ አትቁሙ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ «ደሴት የሚጫወቱበት የት ነው?» በሉ፤ ማንም ያሳያችኋል። ሽማግሌው ከጥግ «ወደ ግራ» ካላችሁ ወደ ግራ ምቱ።